ከሐዲድ በላይ ቤት

ከአያት የሚነሳው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጦር ኃይሎች ሲደርስ ሐዲዱ ያልቃል። ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤቴል ወይም ወደ 18 ማዞሪያ የሚያልፍ መንገደኛ ወርዶ ታክሲ ይጠብቃል። ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማን ከባቡሩ የደረሰው ይህ የመጨረሻ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሥራ የጀመረውም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። መሬት በተወደደበት ከተማ ሐዲድ የያዘውን ቦታ ከላይ ሸፍኖ ቤትና ሱቅ መሥራት ያዋጣ ይሆን?

ሌላው ዓለም ከጀመረው ቆይቷል። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1902 ጭስ በሞላው ዋሻ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው 15 ሰዎች ሞቱ። የእንፋሎት ባቡር ከመሀል ከተማ ታገደ፣ በኤሌክትሪክ ተተካ። ጭሱ ሲጠፋ ሐዲዱን መሸፈን ተቻለ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል የቆመው ከሐዲድ በላይ ነው። ሆንግ ኮንግ ደግሞ በኮውሉን ቤይ የባቡር ማደሪያ ላይ ወደ 5,000 የሚጠጉ መኖሪያ ቤቶች ሠርታለች። የአዲስ አበባን ባቡር በማስተዳደር የተሳተፈው የሸንዘን ሜትሮም በአገሩ ከማደሪያዎቹ በላይ ቤት ይገነባል።

አደጋው የሚጀምረው ሕንፃውን ከሚሸከመው ኮለን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሲድኒ፣ ግራንቪል፣ ከሐዲድ የወጣ ባቡር የድልድይ ድጋፍ መትቶ ሶሌታው በፉርጎዎቹ ላይ ወደቀ፤ ከ80 በላይ ሰዎች አለቁ። የአውሮፓ የግንባታ ደረጃ ሰው ለሚኖርበት ሕንፃ፣ ከሐዲዱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ርቆ የሚቆም ኮለን በሐዲዱ አቅጣጫ 4,000 ኪሎ ኒውተን ግፊት እንዲችል ይጠይቃል። ይህም 400 ቶን ያህል ነው። ከ3 ሜትር ከቀረበ ለብቻው ይጠናል። ቁጥሩ የወጣው ለከባድ ባቡር ስለሆነ ለእኛው ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን የእኛ ሐዲድ አብዛኛው በአስፋልት መሀል የሚያልፍ በመሆኑ ኮለኑ የሚቆምበት ቦታ ጠባብ ነው።

ሁለተኛው ችግር የኮለኖቹ አለመገጣጠም ነው። ታች ሐዲዱ በፈቀደው ቦታ፣ ላይ ደግሞ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ በሚፈልገው ቦታ ይቆማሉ። መሀል ላይ ጭነቱን የሚያዛውር ወፍራም ወለል ያስፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ክፍት ፎቅ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ደካማው ቦታ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ስለተሰማ፣ ይህ የወረቀት ስጋት ብቻ አይደለም። የባቡሩን ንዝረት በጎማና በስፕሪንግ ማለዘብ ይቻላል። የተሸፈነ ሐዲድ ግን ዋሻ ነውና ጭስ ማውጫና ማምለጫ ይሻል፤ 750 ቮልት ከሚሄድበት መስመር ወደ መሬት የሚያመልጠው ኤሌክትሪክም ፌሮ ይበላል።

ግንባታው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። በእንግሊዝ፣ ጄራርድስ ክሮስ፣ ለሱፐርማርኬት ተብሎ ከሐዲድ በላይ የተሠራ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2005 አፈር ሲሞላበት ተደረመሰ። ሰው አልሞተም፣ መስመሩ ግን ለሳምንታት ተዘጋ።

ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአልሚው ኢግል ሂልስ ስም የሚታወቀው የለገሃር የግንባታ ፕሮጀክት ከዚህ ጋር ይምታታል። እሱ የተነሳው ባቡር በማይመጣበት የድሮ ጣቢያ መሬት ላይ ነው፤ በሚሠራ ሐዲድ ላይ ከመገንባት እጅግ ይቀላል። በሕግ በኩልም ሁለቱ አንድ አይደሉም። አዋጅ 370/1995 ፎቅ ላይ ያለ ቤት ባለቤት መሆንን ፈቅዷል፣ አዋጅ 721/2004 መሬት በሊዝ ይሰጣል፤ ከሐዲድ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ለብቻው ለመስጠት ግን ግልጽ ድንጋጌ ያሻል።

በእኔ እምነት ባቡር በሚመላለስበት የመንገድ አካፋይ ላይ ቤት መሥራት ትርፉ ከጣጣው ያንሳል። ባቡሩ ቀስ የሚልባቸው የቃሊቲና የአያት ማደሪያዎች ይሻላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በሐዲዶቹ መሀል መሠረት የሚወጣበት ቦታ ተለክቶ መገኘት አለበት። ዕድሉ ያለው ኮልፌ ነው፤ ከጫፉ ወዲያ ሐዲዱ ገና አልተነጠፈም። ከጦር ኃይሎች ወደ ምዕራብ መስመር የሚነድፉ መሐንዲሶች የማደሪያውንና የጣቢያውን ኮለን ከሐዲዱ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይሣሉት።