ጉንፋን የያዘው ሰው ትንፋሹ ሲያጥር ልብን ስለ መመርመር

የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለችና፥ በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ከጋቢ ላይ ካባ ቢደረብም አይበዛም። ወደ ዳንግላ ሲወርዱ ብርዱ ጥቂት ይለዝባል፤ ዳሩ ግን ዳንግላም ቢሆን ከ2000 ሜትር በላይ የሆነ የደጋ አገር ነው። በዚህ ወራት ጉንፋን ከቤት ወደ ቤት ይዛወራል። ሳል የማይሰማበት እልፍኝ የለም። ለታመመውም ሰው በየቤቱ የሚነገረው ቃል አንድ ነው፤ «ብርድ ነው፤ ያልፍልዎታል» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ሆኖ ያልፋል።

የማያልፍበት ጊዜ ግን አለ፤ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ ስድሳ ዓመት የሞላቸውን አንዲት እመቤት እናስብ። ጉንፋን ይይዛቸዋል፤ ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ይበርዳል፤ ሳሉ ግን ይቀራል። በአምስተኛው ሌሊት ተጋድመው መተኛት አልሆነላቸውም። ሁለት ትራስ፥ ኋላም ሦስት ትራስ ይደረብላቸዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ታፍነው እንደ ተነሡ መስኮት ክፈቱልኝ ይላሉ። ልጃቸው «እማማ፥ ምች መትቶዎት ነው፤ ዳማ ከሴ ልጭመቅልዎ» ትላለች። ጐረቤት ደግሞ «ሰውነታቸው ደክሟል፤ ጉልኮስ ይሰካላቸው» ይላል። ጫማቸው ከሳምንት ወዲህ እንቢ ማለቱን፥ እግራቸው ማበጡን ግን ሁሉም ያየዋል፤ የእርጅና ነገር ነው ብሎ የሚናገረው አንድም የለም። ወደ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕሙማን ክፍል በደረሱ ጊዜ ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚነገረው «ጉንፋን ይዟቸው ነው» የሚለው ቃል ነው። ሐኪሙም ብዙ ሕመምተኛ ከበውት ሳለ በተነገረው መንገድ ወደ ሳምባ ቢሄድ አይፈረድበትም። የእመቤቲቱ ሕመም ግን በጉንፋን ምክንያት የተገለጠ የልብ ድካም ሊሆን ይችላል።

ይህ እንደ ምን ይሆናል? ሰው በታመመ ጊዜ የሰውነቱ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ልቡ በየደቂቃው ወደ አሥር ምት ያህል ይጨምራል። ሳምባው በታወከ ጊዜም ደሙ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። በእንጅባራ ከፍታ ደግሞ ከአየሩ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን፥ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የአገሩ ተወላጅ ለምዶታልና ጤነኛ ሳለ አይሰማውም። እንግዲህ ልብ ሥራው ሲበዛበት ስንቁ ይቀንስበታል ማለት ነው። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን፥ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው ነገሩን በቶሎ ያስተውለዋል። ጤነኛ ፈረስ ጋልቦ ሲቆም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትንፋሹ ይሰበሰባል። ቆሞም ጐኑ የሚርገበገብ ፈረስ ካለ፥ ባለቤቱ «ይህስ የግልቢያ ድካም አይደለም» ብሎ ኮርቻውን ያወርድለታል። ለፈረስ የምናደርገውን ማስተዋል ለእናትና ለአባት መንፈግ አይገባም።

ከዚህም በቀር አንዳንድ ቫይረስ የልብን ጡንቻ ራሱን ያሳብጣል፤ ይህ በወጣቶችም ላይ ይደርሳል። ሌላውም ነገር፥ ሰውነት ተላላፊ በሽታን ሲዋጋ ደም ለመርጋት ይቸኩላልና፥ አስቀድሞ የጠበበ የልብ ደም ሥር ያለው ሰው ሥሩ በድንገት ይዘጋበታል። በካናዳ፥ በኦንታሪዮ ክፍለ አገር የተደረገና በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ኢንፍሉዌንዛ እንዳለባቸው በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀኖች ውስጥ የልብ ሥር መዘጋት የሚደርስባቸው ከሌላው ጊዜ ስድስት እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል።

ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመራል፤ ይኸውም ሕመም ሁሉ በአንድ ስም መጠራቱ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ ከ9000 እስከ 10000 የሚሆን ሰው እንደ ገደለ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንንም በጽኑ ታመው ድነዋል። በዚያ ዘመን ከሞቱት መካከል በሳምባው የሞተው ስንቱ፥ ልቡ ደክሞ የሞተውስ ስንቱ እንደ ሆነ የሚለይ መሣሪያ አልነበረም። በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና በኢትዮጵያ መግባቱ በተነገረ ጊዜ ግን መሣሪያው ነበረ፤ የጐደለው ልብ ማለት ነበር። ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ በኮሮና ይጠረጠር ጀመር፤ ብዙ ሰውም ወደ ሐኪም ቤት መሄዱን ፈራ። ይህም በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በዚያው ዓመት በኢጣልያም ሆነ በሌሎች አገሮች በልብ ሥር መዘጋት ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ቍጥር እጅግ ቀነሰ፤ የቀነሰው ግን ሕመሙ ሳይሆን የሚመጣው ሰው ነበር።

የልብ ሕመም የሽማግሌና የባለጸጋ በሽታ ነው የሚለው አሳብ በእኛ አገር ከሁሉ ይልቅ ይጐዳል። በኢትዮጵያ ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን፥ ይልቁንም ሴቶችን የሚያጠቃ፥ ሐኪሞች ሩማቲክ የሚሉት የልብ ሕመም አለ። መነሻው የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ይህንንም የሚያመጣው ቫይረስ ሳይሆን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ማስቆረጥ በየአገሩ ልማድ ሆኖ ኖሯል፤ ዳሩ ግን መቍረጡ ባክቴሪያውን አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ፔኒሲሊን ነው። ሳይታከም ከቀረ፥ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበትና ቍርጭምጭሚት ያብጣል። ያ እብጠት ይድናል፤ ከዓመታት በኋላ ግን የልብ በሮች ጠባሳ ይዘው ይገኛሉ።

ከበሮቹም አብዝቶ የሚጐዳው ከሳምባ የተመለሰው ደም የሚያልፍበት የግራው በር ነው። እርሱ ከጠበበ ደሙ በዝግታ እያለፈ ሴቲቱ ለዓመታት ምንም ሳይሰማት ትኖራለች፤ ውሃ ትቀዳለች፥ ትድራለች፥ ትወልዳለች። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት ትኩሳት ሲነሣ ልብ ይቻኰላል፤ በሁለት ምት መካከል ያለው ጊዜ ያጥራል። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በጠባብ ደጅ በቀስታ ሲወጣ ሁሉም በደኅና ያልፋል፤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጋፋ ግን የኋለኛው ይታፈናል። እንደዚሁም ማለፊያ ያጣው ደም ወደ ኋላ ወደ ሳምባ ይከማቻል፤ ውሃው ወደ ሳምባው ይሰርጋል፤ ሴቲቱም በየብስ ተቀምጣ እንደ ሰመጠ ሰው ትሆናለች። እርጉዝ የሆነች እንደ ሆነ፥ ደሟ በእርግዝናው ምክንያት በዝቷልና አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ጉንፋን የያዛት እርጉዝ ሴት ትንፋሽ ሲያጥራት «የእርግዝና ነው» ተብሎ ዝም ሊባል አይገባም።

እንግዲህ በቤት ያለ ሰው ምን ይመልከት? የሳምባ ምች እንደ ሆነ ትኩሳቱ ከብርድ ብርድ ጋራ ይጸናል፥ አክታው ይወፍራል፥ ጐን ሲተነፍሱ ይወጋል። የልብ እንደ ሆነ ደግሞ በሽተኛው ሲጋደም ይብስበታል፥ ሲቀመጥ ይሻለዋል፤ ሌሊት ታፍኖ ይነሣል፤ እግሩ ያብጣል፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል፤ አክታው አረፋና ቀላ ያለ ሊሆን ይችላል። ደረት መጨነቅ፥ ልብ መዛለል ወይም ራስን መሳት ካለ ያለ መዘግየት መሄድ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሕመሞች ባንድነት በአንድ ሰው ላይ መገኘታቸውም ብዙ ጊዜ ነውና፥ አንዱ ተገኘ ብሎ ሌላውን መተው አይገባም። የሚለየው ምርመራው ነው፤ ራጅ፥ የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚስለው ኢሲጂ፥ ልብ ሲሠራ የሚያሳየው አልትራሳውንድ።

በአዊ አገር አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዛፍ ብዙ ከሰል ይከሰላል፤ በብርድ ጊዜም ማንደጃው ወደ መኝታ ቤት ይገባል። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣልና ጉንፋን ይመስላል፤ ልብንም ኦክስጅን ያሳጣዋል። የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጠዋት ራሳቸውን ካመማቸው በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት ይቀድማል።

ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በግድ ማስተኛት አይገባም፤ ጀርባውን አስደግፎ፥ እግሩን ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ጉልኮስ ይሰካልኝ ብሎ ሐኪሙን ማስጨነቅም ይቅር። ለደከመ ልብ በፍጥነት የሚገባ ፈሳሽ ሸክም ላይ ሸክም ነው፤ ሐኪሙም ሕመሙ የልብ መሆኑን ካወቀ የሚሰጠው ተቃራኒውን፥ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣውን መድኃኒት ነው። ለቍርጥማት ተብለው ከመድኃኒት መደብር የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉና፥ የልብ ድካም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ቃል አይውሰዳቸው። የልብ ወይም የደም ግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ጉንፋን ያዘኝ ብሎ በራሱ አሳብ አያቋርጠው። ወር በወር ፔኒሲሊን የሚወጋ ልጅም ቀኑ እንዳያልፍበት።

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር እንዲሄድ የታዘዘ በሽተኛ ያለው ቤተ ሰብ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርዱና ከነራጁ በአንድ ከረጢት ይያዝ። በወረቀትም ላይ ይህን ይጻፍ፤ ሕመሙ በስንተኛው ቀን እንደ ባሰ፥ በስንት ትራስ እንደሚተኛ፥ እግሩ ከመቼ ወዲህ እንዳበጠ፥ በልጅነቱ ጉልበቱ አብጦ ያውቅ እንደ ሆነ። ወረቀቱም ከበሽተኛው ጋራ ለሚቀመጠው ሰው ይሰጥ እንጂ በነጂው ኪስ አይቅር።