ብልቃጡ ይንኳኳ፣ ተዉት

ዛሬ ጠዋት መድኃኒት በማድልበት መስኮቴ ላይ ያየሁት ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ ነው ምሳዬን ትቼ የምጽፈው። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር መድኃኒት ነው የማወራው፤ የዛሬው ግን ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ነው። «እኔን አይመለከተኝም» የምትሉም አንብቡት። መርካቶ ውስጥ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ይመልከተው አይመልከተው አታውቁም።

ልጁ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። (እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) የሦስት ወሩን መድኃኒት፣ ሦስት ብልቃጥ፣ ሰጠሁት። ፈረመ። ወደ ጥግ ዞር ብሎ ክዳን ሲከፍት እዚያው ሊውጥ መስሎኝ ነበር። ከኪሱ ጥቁር ፌስታል አወጣና ሦስቱንም ገለበጣቸው። 90 ክኒን እንደ ሽምብራ ፌስታል ውስጥ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ የብልቃጦቹን ወረቀት በጥፍሩ ይልጥ ጀመር። ሁለተኛው ላይ ጥፍሩ ተሰበረ መሰለኝ፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ትንሽ ቆየ። የተላጡትን ባዶዎች ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጥሎ ተነሣ። ስጠራው «ሲስተር፣ ይንኳኳል እኮ። ስድስት ሆነን ነው አንድ ክፍል የምናድረው» አለኝና ወጣ። ሰልፉን ትቼ ልከተለው አልቻልኩም።

እሺ፣ በቁጥር ልሂድ።

1. ብልቃጡ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው። ዛሬ አብዛኛው አዋቂ በቀን አንዴ በሚውጣት ክኒን ውስጥ ሦስት መድኃኒት አለ፦ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ቴኖፎቪር እርጥበት ሲያገኘው ይፈርሳል። ብልቃጡ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ነገር፣ ብዙዎቻችሁ «መርዝ ናት» ብላችሁ የምትጥሏት፣ እርጥበቱን እንድትመጥ የተቀመጠች ናት። አትዋጥም፣ አትጣልምም። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋውም ለዚሁ ነው። አሁን ያንን ክኒን ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ፍራሽ ሥር አስቡት፤ ሐምሌ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ስድስት ሰው የሚተነፍስበት ክፍል። ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ጉልበቱ የደከመ መድኃኒት በየቀኑ የሚውጥ ሰው ሳያውቀው ቫይረሱን ከመድኃኒቱ ጋር እያላመደው ነው።

ድምፁን ለማጥፋት ውስጡ ጥጥ የምትጠቀጥቁም አላችሁ። ጥጥ ራሱ እርጥበት ይስባል። ብልቃጡን ከውጭ በካልሲ ወይም በሻሽ ጠቅልሉት፤ ድምፁ ይጠፋል። ወረቀቱም ካሳፈራችሁ ለፋርማሲስታችሁ ንገሩት። እኔ በአልኮል አላቅቄ፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፌበት እሰጣለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ወረቀታቸው የተላጠ ነጭ ብልቃጦች ምናለሽ ተራ ተደርድረው አይቻለሁ። ሌላው ሰው አያውቃቸውም፤ እኔ በክዳናቸው አውቃቸዋለሁ፣ ባየኋቸው ቁጥርም ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

2. የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ውጤት «አልተገኘም» ሲል ቫይረሱ ጠፋ ማለት አይደለም። መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ወረደ ማለት ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያ ደረጃ ላይ ያለና መድኃኒቱን ያላቋረጠ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ፓርትነር የተባሉት ጥናቶች አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶችን ለዓመታት ተከታትለው፣ በ2016 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት በዚያ ደረጃ ላይ ካለ ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈ አንድም አላገኙም። መድኃኒቱ ሲቆም ግን ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እዚሁ ቴሌግራም ላይ «ከደም ጠርጎ የሚያወጣ የአገር ባህል መድኃኒት» እያላችሁ የምትሸጡ፣ የእናንተን ሥር ጠጥቶ ክኒኑን ያቆመ ሰው ከወራት በኋላ በቲቢ ተይዞ፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ እኔ መስኮት ላይ ይመጣል። እናንተ ግን አታዩትም። ፀበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑንም ይዋጥ፤ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ረመዳን የሚጾምም በቀን አንዴ ስለሆነ በማፍጠሪያ ወይም በሱሁር ይዋጠው።

3. እፍረት። ሁሉም ከዚህ ይመነጫል።

የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ አንድ ሰው ጨጓራውን ያቃጥለውና ጎረቤት ካለ ፋርማሲ ነጩን የጨጓራ ፈሳሽ ይገዛል። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት ፈሳሽ ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ ክኒኑ ከፈሳሹ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መዋጥ አለበት። የፋርማሲው ልጅ ይህን ያውቃል። ሰውየው ግን «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲባል «የለም» ይላል፤ ከኋላው የሰፈር ሰው ቆሟላ። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታካሚም እንደዚሁ ነው፤ መጠኑ መስተካከል ሲገባው ማንም ስለማያውቅ ሳይስተካከል ይቀራል።

አሁን ስለ እማማ ልንገራችሁ። («ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተዪው» ብለውኛል።) በርበሬ ነጋዴ ናቸው። የጀመሩት መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ከመርካቶ ቃሊቲ ድረስ ሄደው ነበር የሚወስዱት። «እኔ ወደ ቃሊቲ፣ የቃሊቲዎቹ ወደ መርካቶ፤ መንገድ ላይ ሰላም እንባባል ነበር» ይላሉ። ያኔ ስታቩዲን የሚባል መድኃኒት ነበር። የጉንጭን ሥጋ ጨርሶ ሆድና ማጅራት ላይ ያከማች ስለነበር ሰው ገና ከሩቅ ያውቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር የመከረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። እማማ ስለ እሱ ሲያወሩ «ከላይ ጭኖ ከታች አወረደው፤ የመርካቶ ጫኝና አውራጅ ነው» ይላሉ። ቀጥሎ ማታ የሚዋጠው ኤፋቪሬንዝ መጣ፤ ሕልም ያበዛል፣ አንዳንዱን እያስጮኸ ያድር ነበር። «እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ገብቼበት የማላውቀውን ሲኒማ ራስን በየሌሊቱ በነፃ ገባሁበት።»

እፍረቱ የለቀቃቸው ግን በምክር አይደለም። አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ ታክሲ ሲሳፈሩ ከጡት መያዣቸው ሥር የደበቁት ብልቃጥ ወድቆ አስፋልቱ ላይ እየተንኳኳ ተንከባለለ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየ። ወያላው ሮጦ አነሣውና ወረቀቱን አይቶ፣ በእጃቸው ሲያኖርላቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ «እማማ፣ እኔም ከዚሁ ሱቅ ነው የምገዛው» አላቸው። እስከ ቤታቸው ድረስ እየሳቁ፣ እያለቀሱም ሄዱ። በቀጣዩ ወር ወደ ሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ተዛወሩ።

አሁን መስኮቴ ላይ ሲደርሱ ብልቃጣቸውን እንደ ጸናጽል ያንሿሹና «እቁቤን ልጥል መጥቻለሁ» ይላሉ። ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አዲስ ታካሚ ሲጠይቃቸው «ዕጣዬማ በየጠዋቱ ይወጣል፤ ዓይኔን ገለጥኩ ማለት ወጣልኝ ማለት ነው።» ቀብራቸውን ስትጠባበቅ የነበረች ጎረቤታቸውን ሲያነሡ ደግሞ «ለቅሶዋ ላይ ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ነፍሷን ይማር» ብለው ከልባቸው ያማትባሉ። ሰልፉ በሙሉ ይስቃል።

እንደ ባለሙያ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ያ ሳቅ ካለፈ በኋላ ሰው ይጠይቃል። አሥር ደቂቃ መሬት መሬት ሲያይ የቆየ ጎልማሳ ጠጋ ብሎ ስለ አልጋ ጉዳይ ያነሣል። አንዷ ሦስት ቀን መዝለሏን ትናገራለች። ሌላው በፌስታል ማስቀመጡን። በፎርም ስንጠይቃቸው «በትክክል እወስዳለሁ» ያሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እማማ በሚመጡበት ቀን የማገኘውን እውነት በሌላው ቀን አላገኝም።

አንድ ጊዜ ግን ቼክሊስት የያዙ ተቆጣጣሪዎች መጥተው፣ ሰልፉ ሲስቅ ሰምተው «ሥርዓት ይጠበቅ» ብለው ጻፉብን። ሥርዓት! የተለየ አግዳሚ ወንበር፣ የተለየ ቀለም ያለው ፎልደር፣ ከግቢው በር የሚነበብ የክፍል ስም፣ ይህ ሁሉ በቼክሊስቱ ላይ ችግር የለበትም። ሳቁ ግን ችግር ሆነ። በየዓመቱ ኅዳር 22፣ በኤድስ ቀን፣ ቲሸርትና ኮፍያ ይመጣል፣ ሆቴል ውስጥ ስለ መገለል ሥልጠና ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል። ለመስኮቴ አንዲት መጋረጃ ስጠይቅ ግን በጀት የለም። ሕመምተኛውን «ለምን ትደብቃለህ» ብሎ ከመጠየቅ በፊት እንዲደበቅ ያደረግነውን ቤት ማየት አይቀድምም?

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ታካሚዎችን የሚያማክሩት የኬዝ ማናጀሮቹ ነገር ነው። ብዙዎቹ ራሳቸው መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። አዲስ ውጤት ሰምቶ የሚንቀጠቀጥን ሰው ጎን ተቀምጠው የራሳቸውን ብልቃጥ ከቦርሳ አውጥተው ያሳያሉ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይታገድ ተብሎ ሲታዘዝ፣ በአገሪቱ ኮንትራታቸው የተቋረጠባቸው የጤና ሠራተኞች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የእኛዎቹ ኬዝ ማናጀሮችም ከእነሱ ውስጥ ነበሩ። የዚያን ሰሞን ታካሚዎቼ «መድኃኒቱ ሊቋረጥ ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ እንዲበቃቸው ብለው አንድ ቀን እየዘለሉ መዋጥ የጀመሩም ነበሩ። ያን ወሬ በአንድ ቀልድ የሚያበርድላቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም። የዛሬው ልጅም መጀመሪያ የነካው እጅ የእነሱ ቢሆን ኖሮ ፌስታል ይዞ አይመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሦስቱን ብልቃጦች ከቆሻሻው አንሥቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ወንድሜ፣ ይህ ደርሶህ ከሆነ ክኒኖቹን ከነፌስታሉ ይዘህ ና፤ በአዲስ እቀይርልሃለሁ፣ ወረቀቱንም ከአንተ በፊት እልጠዋለሁ። ሰው ፊት መቆም ካልፈለግህ ሰልፉ ሲያልቅ 10 ሰዓት ላይ ና። ሐሙስ ከመጣህ ደግሞ የእማማ ቀጠሮ ነው።