«ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት» መቼ ነው? የኤርፖርት መኪና ቀጠሮ በአማርኛ ሶፍትዌር

«ልጄ፣ ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጥተህ ኤርፖርት ታደርሰኛለህ?»

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚሠራ ሐበሻ ሹፌር ይህን ጥያቄ ሲሰማ ሁለተኛ አይጠይቅም። ረቡዕ ከመንጋቱ በፊት፣ በፈረንጅ ሰዓት 3፡00 ላይ በር ላይ ይቆማል። ይኸው ቃል እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግን ነገሩ ይበላሻል። ቁጥሩን እንደ ፈረንጅ ሰዓት የወሰደው ፕሮግራም መኪናውን ማክሰኞ ማታ ይልካል፣ ስድስት ሰዓት ቀድሞ። ሰዓቱን በትክክል ቀይሮ ቀኑን እንዳለ የተወው ደግሞ ማክሰኞ ከመንጋቱ በፊት ይልካል፣ ሙሉ 24 ሰዓት ቀድሞ። እነዚህ ሁለቱ የሚያናድዱ ብቻ ናቸው። በረራ የሚያስመልጠው በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣው ነው፤ እሱን ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

ሹፌር ያለው መኪና በቀጠሮ ለሚያቀርብ ወዳጄ የአማርኛ ማስያዣ ገጽ እየሠራሁ ስለሆነ ይህን ጉዳይ በየቀኑ አየዋለሁ። ደንበኞቹ በብዛት በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ናቸው። መኪናውን አንዳንዴ ራሳቸው ያዛሉ፣ አንዳንዴም እዚህ የተወለደ ልጅ ያዝላቸዋል። ቀን ቀን ሰዓት ቢምታታ አንድ ስልክ ያስተካክለዋል። ሌሊት ግን ሁሉም ተኝቷል። አማራጩም ጥቂት ነው። ሲልቨር ላይን የተባለው የሜትሮ መስመር ከኅዳር 2022 በፈረንጅ ጀምሮ ደለስ ኤርፖርት ድረስ ይሄዳል፤ ነገር ግን በሥራ ቀናት ሥራ የሚጀምረው በፈረንጅ 5፡00 ላይ ስለሆነ ለ6፡00 በረራ አይሆንም። ስልክ ላይ ተጭኖ ወዲያው የሚመጣ መኪናም በዚያ ሰዓት እንደ ቀኑ አይገኝም። (አንድ ምክር ጣል ላድርግ፤ በአንዳንድ አፖች ላይ «በቀጠሮ ማዘዝ» የሚለው ቁልፍ የሚያደርገው ሰዓቱ ሲቃረብ በእናንተ ፈንታ ትእዛዙን መላክ ብቻ ነው። ሹፌር ቀድሞ ተመድቧል ማለት አይደለም። ሳትተኙ በፊት የሹፌሩ ስም መታየቱን እዩ።)

ቁጥሩና ቃሉ ሲጣሉ

የሐበሻ ሰዓት ቀመር ለማንም አዲስ አይደለም። ከፈረንጁ የ24 ሰዓት ቁጥር ላይ 6 ቀንሱ፣ በ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፣ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 በሉ። የሰዓት ክልል እዚህ ውስጥ አይገባም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ እናት ሌሊት 9 ሲሉ የአዲስ አበባን ሰዓት መናገራቸው አይደለም፤ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ሌሊት በሐበሻ አቆጣጠር መቁጠራቸው ነው። ይህን የማያውቅ ፕሮግራመር የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል መርጦ ችግሩ የተፈታ ሊመስለው ይችላል። በክረምት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 8 ሰዓት፣ በበጋ 7 ሰዓት ነው፤ ስድስት ሆኖ አያውቅም።

ከባዱ ቀመሩ ሳይሆን ሰውየው በየትኛው ሰዓት እንደተናገረ ማወቁ ነው። ደግነቱ አማርኛ ቁጥሩን ብቻውን አይተወውም፤ ሌሊት፣ ንጋት፣ ጠዋት፣ ምሽት የሚል ቃል ያስከትልበታል። ቃሉና ቁጥሩ አብረው ሲታዩ ብዙውን ጊዜ መልሱን ይሰጣሉ። «ሌሊት» ከ6 እስከ 11 ካለ ቁጥር ጋር ከመጣ በሐበሻ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ ያ ነውና። «ሌሊት 3 ሰዓት» የሚል ከመጣ ግን ተናጋሪው በፈረንጅ እየቆጠረ ነው፤ ምክንያቱም በሐበሻ 3 ሰዓት የሚሆነው በጠዋት ወይም በምሽት እንጂ በሌሊት አይደለም። አገር ቤት ያደጉ ሰዎች እንዲህ አይሉም። እዚህ ያደገ ልጅ ግን በእንግሊዝኛ አስቦ በአማርኛ ሲናገር ይለዋል፤ እኔም ኮዱ እንዲቀበለው አድርጌያለሁ።

በእውነት የማይፈታው «ጠዋት» ነው። «ጠዋት 4 ሰዓት» ለእናትየው ረፋድ ላይ ነው፣ በፈረንጅ 10፡00። ለልጅየው ገና ጨለማ ነው፣ በፈረንጅ 4፡00። ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ነው የሚናገሩት። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ መገመት የለበትም። እኔ የመረጥኩት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ «ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው ወይስ ከወጣች በኋላ?» «ኤኤም ነው ፒኤም?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ቦታ ምንም አይጠቅምም፤ 4፡00ም 10፡00ም ኤኤም ናቸው።

አሁን ወደዚያ በረራ ወደሚያስመልጠው እንምጣ። አብዛኞቹ ስልኮችና ብራውዘሮች ሰዓትን በአማርኛ ሲያሳዩ ቃላቱን የሚወስዱት ሲኤልዲአር ከተባለው የዩኒኮድ የቋንቋዎች መዝገብ ነው። መዝገቡ ኤኤም ለሚለው «ጥዋት»፣ ፒኤም ለሚለው «ከሰዓት» ይላል። ቁጥሩን ግን አይነካውም። ስለዚህ የፈረንጁ 3፡00 ሌሊት በአማርኛ ስልክ ላይ «3፡00 ጥዋት» ሆኖ ይወጣል። ይህን ያነበቡ እናት ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጅ 9፡00፣ ቁርሳቸውን በልተው ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ። የ6፡00 በረራ ከሄደ 3 ሰዓት ሆኖታል። ስሕተቱ እንደ ስሕተት አይታይም፤ ፊደሉ ትክክል ነው፣ ቃሉ ትክክል ነው፣ ሰዓቱም ለጉዞ የሚመች ነው። እኔ እንዲያውም ከዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ 3፡00 ኤኤም ይሻላል እላለሁ፤ ቢያንስ አንባቢውን ያስጠነቅቃል። በአማርኛ ለሚሠራ ገጽ የላይብረሪውን ዝግጁ ፎርማት አትመኑ። ቁጥሩንም ቃሉንም ራሳችሁ አውጡ፣ የፈረንጁን ሰዓትም አጠገቡ ጻፉ።

ሌሊቱ የማን ነው?

የቀኑ ጉዳይ ከሰዓቱ ይበልጥ ይደብቃል። ኮምፒውተር ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን ሌሊቱ ያለፈውን ቀን ይከተላል፤ ማክሰኞ መሽቶ እስኪነጋ ድረስ ያለው «ማክሰኞ ሌሊት» ነው። ቋንቋው ራሱ ይህን ማምታቻ አውቆ መፍትሔ አበጅቶለታል፤ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ»። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ ስለሚጠራ ማንም አይሳሳትበትም። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ አጭር አባባል የለውምና የአየር መንገድ ሰዎች ለ00፡30 በረራ ማብራሪያ ሲጽፉ ይቸገራሉ። ዱባይ ወይም ጂዳ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትኬቱ ረቡዕ 00፡30 ሲል ከቤት የሚወጣው ማክሰኞ ማታ ነው። «የረቡዕ በረራ» ብሎ ረቡዕ ማታ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው ወደ 24 ሰዓት ዘግይቷል።

ስለዚህ ፎርሙ ላይ «መኪናው በየትኛው ቀን ይምጣ?» የሚለውን ጥያቄ ጨርሶ አወጣሁት። የሚጠየቀው ትኬቱ ላይ የተጻፈው ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። ትኬት ሁልጊዜ የሚነሡበትን ኤርፖርት ሰዓት ነው የሚጽፈው፤ ማንም በሐበሻ አይቀይረውም፤ ፎቶ አንሥቶ ለልጅ መላክም ይቻላል። ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር የኮዱ ሥራ ነው። የአሜሪካ የኤርፖርት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለአገር ውስጥ በረራ 2 ሰዓት፣ ለውጭ በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስን ይመክራል። 6፡00 ላይ ለሚነሣ የአገር ውስጥ በረራ 4፡00 ላይ ደለስ መገኘት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱን 45 ደቂቃ አድርጌ እይዛለሁ፤ ሌሊት መኪና ስለሌለና ወደ ኤርፖርት የሚወስደው ልዩ መንገድ ለተሳፋሪ ነጻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። 15 ደቂቃ ደግሞ ለሻንጣና ለስንብት። የሐበሻ ስንብት በ5 ደቂቃ እንደማያልቅ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። 3፡00 ላይ ደረስን፤ ሌሊት 9 ማለት ነው።

ቀኑን በሐበሻ አቆጣጠር የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ «ከኅዳር ሚካኤል ማግስት» ሲሉ ኅዳር 13 ነው። ኅዳር 12 ቀን 2018 በፈረንጅ ኅዳር 21 ቀን 2025 ላይ ዋለ። በዓመቱ ላይ ተመሥርቶ አንድ ቀን ስለሚንሸራተት በቃል አትቀይሩ፤ አይሲዩ የተባለው ላይብረሪም የብራውዘሮች ጃቫስክሪፕትም የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃሉ።

ወደ ኋላ ስትቆጥሩ አንድ ሌሊት ተጠንቀቁ። በአሜሪካ በፈረንጆች መጋቢት ሁለተኛው እሑድ ሰዓቱ ከ2፡00 በቀጥታ ወደ 3፡00 ይዘልላል፤ በ2026 ያ ቀን መጋቢት 8 ነው። የ5፡30 በረራ ያለው ሰው ከቤት በ3 ሰዓት ቀድሞ መውጣት ካለበት፣ በግድግዳ ሰዓት ሲቆጠር 2፡30 ይመጣል። በዚያ ሌሊት 2፡30 የሚባል ሰዓት የለም። ትክክለኛው መልስ 1፡30 ነው፣ በሐበሻ ሌሊት 7፡30። በጃቫ «ሎካል ዴት ታይም» ላይ 3 ሰዓት ብትቀንሱ የሌለውን 2፡30 ይሰጣችኋል። እሱን ከሰዓት ክልሉ ጋር ስታገናኙት ደግሞ ምንም ሳይል ወደ 3፡30 ይገፋዋል፤ ለመንገዱ የቀረው 2 ሰዓት ብቻ ነው። «ዞንድ ዴት ታይም» ላይ ብትቀንሱ ግን የሚቀንሰው ከእውነተኛው ጊዜ ስለሆነ 1፡30ን ያገኛል። ልዩነቱ የአንድ መስመር ኮድ ነው።

ዳታቤዝ ውስጥ የበረራውን ሰዓት በዩቲሲ ብቻ አታስቀምጡ። ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓትና የኤርፖርቱን የሰዓት ክልል ስም ለየብቻ ያዙ። ለምን? ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቤይሩት በመጋቢት 2023 በፈረንጅ ያሳየችው ምክንያት ነው። መንግሥት የበጋው ሰዓት ለውጥ በረመዳን ምክንያት እንዲዘገይ ሊቀየር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አስታወቀ። ግማሹ አገር ተቀበለ፣ ግማሹ አልቀበልም አለ፣ ውሳኔውም በቀናት ውስጥ ተሻረ። በአንድ ከተማ ለጥቂት ቀናት ሁለት ሰዓት ተቆጠረ። ዩቲሲ ብቻ ያስቀመጠ ሶፍትዌር ሕጉ ሲቀየር የተሳፋሪውን ሰዓት ይዞበት ይንሸራተታል፤ ሰዓቱንና ክልሉን ያስቀመጠ ግን የሰዓት መረጃው ሲታደስ እንደገና ያሰላል።

የመጨረሻው ክፍል መልእክቱ ነው። ብዙዎቹ አዛውንቶች አፕ አይከፍቱም፤ የጽሑፍ መልእክት ግን ያነባሉ። አንድ የእንግሊዝኛ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል ሲገባበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ ሌላ አጻጻፍ ይቀየርና 70 ላይ ይቆማል። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፣ ክፍያውም ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ረጅም ሰላምታ ቀረና ይህ ሆነ፤

«ረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 9፡00 (በፈረንጅ 3፡00) መኪናው በር ላይ ይቆማል»

ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ 46 ነው። በቀሪው 24 ላይ የሹፌሩን ስም አስገባሁ። ማክሰኞ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይላካል፤ በገጹ ላይ ደግሞ «ከ8 ሰዓት በኋላ» የሚል ቆጠራ አብሮ ይታያል። ቆጠራው የማንም አቆጣጠር ስላልሆነ በጣም እወደዋለሁ፤ ልጅየውም እናትየውም አንድ ነገር ነው የሚያነቡት። ቢሆንም ወዳጄ የሹፌሩን ስልክ ከታች በትልቁ እንድጽፍ ለምኖኛል። እናቶቹ መልእክቱን ካነበቡ በኋላም ይደውላሉ፤ ሹፌሩም «አዎ እማማ፣ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 9» ብሎ ይመልሳል።