ከቢሮ ውጭ ያለ ሠራተኛ ኢሜይሉን በየት በኩል ያንብብ?

ማይክሮሶፍት ለኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ሰርቨራቸውን በገዛ ቢሯቸው ያስቀመጡ ድርጅቶች ወደ አዲሱ እትም መሸጋገር፣ ወደ ክላውድ መሄድ ወይም ሌላ ሶፍትዌር መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል። ሰርቨሩን በእጃቸው ለማቆየት የወሰኑት የርቀት መግቢያውንም አብረው ቢፈትሹት መልካም ነው።

የቆየው ልማድ ፋየርዎሉ ላይ ፖርት ከፍቶ መተው ነበር። ቢያንስ የማንበቢያው አይማፕ በ143 ሳይሆን በ993፣ መላኪያው በ465፣ ግንኙነቱ ገና ሲጀመር በቲኤልኤስ ይመስጠር፤ በ2018 የወጣው አርኤፍሲ 8314 የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት በነጻ በሚሰጥበት ዘመን ሠራተኛን «የሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያውን እለፈው» እያሉ ማስለመድ ምንም ምክንያት የለውም።

ምስጠራ ግን መንገዱን እንጂ በሩን አይጠብቅም። በማርች 2021 ይፋ የሆነው ፕሮክሲሎጎን የተባለ የኤክስቼንጅ ክፍተት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ለጥቃቱ የይለፍ ቃል አላስፈለገም፤ የኤክስቼንጅ ሰርቨሩ ፖርት 443 ከኢንተርኔት መገኘቱ በቂ ነበር። በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ተደፈሩ። ማስተካከያውን የጫኑትም ቢሆኑ አጥቂዎቹ ትተውት የሄዱት ድብቅ መግቢያ አብሮ አልጠፋላቸውም፤ በአፕሪል ኤፍቢአይ በፍርድ ቤት ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ ካሉ ሰርቨሮች ላይ ራሱ እስከ መሰረዝ ደረሰ። ሰርቨሩን ከቪፒኤን ጀርባ ማድረግ የጥቃቱን የመጀመሪያ እርምጃ እንደሚያግድ ማይክሮሶፍት ራሱ ያኔ ተናግሯል።

የኔም አቋም ይኸው ነው፤ የድርጅት ኢሜይል መግቢያ ለዓለም ሁሉ መታየት የለበትም። ቪፒኤንም ይሰበራል የሚሉ አሉ፣ እውነት አላቸው። በጃንዋሪ 2024 የኢቫንቲ ቪፒኤን ክፍተቶች ይፋ ሆነው የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መሣሪያውን ከኔትወርክ እንዲነቅሉ አዟል። ነገር ግን ክፍተቶቹ የተገኙት በመሣሪያው የዌብ ክፍል ላይ ነው፤ ያም ያው ለሁሉ የተከፈተ ገጽ መሆኑ ነው። ጄሰን ዶነንፌልድ የሠራውና በ2020 ከሊኑክስ 5.6 ጋር የተዋሃደው ዋየርጋርድ የተባለ ቪፒኤን ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። መግቢያ ገጽ የለውም፤ ኮዱ ወደ 4 ሺህ መስመር ገደማ ስለሆነ አንድ ባለሙያ አንብቦ ይጨርሰዋል። ቁልፉ ያልተመዘገበ መሣሪያ ሲያንኳኳ ጨርሶ አይመልስም፤ ፖርት የሚያስስ አጥቂ ቪፒኤኑ መኖሩንም አያውቅም። የሠራተኛ ስልክ ቢጠፋ የዚያን ስልክ ቁልፍ ብቻ ከሰርቨሩ ማውጣት ይበቃል።

ዋየርጋርድ በራሱ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የለውምና የኢሜይሉን የይለፍ ቃል አያስቀርም፤ ስልኩም ራሱ መቆለፍ አለበት። 993 እና 465 በቪፒኤኑ በኩል ብቻ ይከፈቱ። ከኢሜይሉ ፖርቶች ከውጭ ክፍት ሆኖ የሚቀረው የሌሎች ሰርቨሮች መልእክት የሚገባበት 25 ነው፤ እሱም የማንንም የይለፍ ቃል እንዳይቀበል ይደረግ።