ከላቴክ ወደ ወርድ የሚሻገረውና የሚቀረው

ሒሳብና ፊዚክስ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኞቹ ሥራቸውን በላቴክ ያዘጋጃሉ፤ አርታኢው ወይም መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የወርድ ፋይል አምጡ ይላል። መቀየሪያ መሣሪያ ሞልቷል። ውጤቱን የሚወስነው ግን ከመሣሪያው ይልቅ መነሻው ፋይል የያዘው መረጃ ነው። ዶናልድ ክኑት የላቴክ መሠረት የሆነውን ቴክን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲጀምር ያሳሰበው የኅትመቱ ጥራት ነበር። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ያመጣው ላቴክ ግን ጸሐፊው ምዕራፉን ምዕራፍ፣ ቀመሩን ቀመር ብሎ እንዲሰይም አስቻለ። ወርድም ከ2007 እትሙ ወዲህ ሰነዱን የሚያስቀምጠው በዚፕ በታሸገ ኤክስኤምኤል ነው፤ ለቀመር የራሱ አወቃቀር አለው። ሁለቱም ወገን ለየክፍሉ ስም ስላለው ማዛመድ ይቻላል፤ ፓንዶክ የተባለው መቀየሪያ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚነሣው ግን ከፒዲኤፍ ነው። አንድ ክፍልፋይ እንመልከት። በላቴኩ ምንጭ ላይ ላዕሉና ታህቱ በየቅንፋቸው ተለይተው ተጽፈዋል። ፒዲኤፉ ውስጥ በአብዛኛው የሚገኘው የፊደላቱ ቅርጽ፣ የቆሙበት ቦታና በመሃል የተሰመረች ቀጭን መስመር ብቻ ነው። መስመሯ የክፍልፋይ ትሁን የሠንጠረዥ የሚነግረው የለም፤ መቀየሪያው ይገምታል። መልኩ ከመሰለ ምን ቸገረን የሚል አይጠፋም። መልኩ ብቻ ከተፈለገማ ፒዲኤፉ ራሱ በቂ ነበር፤ ወርድ የሚጠየቀው ለማረም ነው። በየመስመሩ በጽሑፍ ሣጥን የተቆራረጠ ገጽ ላይ አንዲት ቃል ሲጨመር ሁሉም ይዘበራረቃል። የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችም ችግራቸው ተመሳሳይ ነው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ብዙዎቹ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ኮድ ላይ ይሥሉት ስለነበር፣ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ምንጩም ቢሆን አያስተማምንም የሚለው ነው፤ እውነት አለው። ቴክ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ጸሐፊው የፈለገውን ትእዛዝ ይፈጥርበታል። ፓንዶክ የማያውቀው የትእዛዝ ጥቅል ሲገጥመው መዘለል የሌለባቸውን ነገሮች ሊዘል ይችላል። ቴክፎርኤችቲ የተባለው ሌላ መቀየሪያ ቴክን ራሱን እያሠራ ስለሚቀይር እዚህ ላይ ይሻላል፤ ወርድ የሚከፍተውን ኦዲቲ ፋይልም ያወጣል። ቲክዝ በተባለው የላቴክ ጥቅል የተሣለ ሥዕል ግን እንደ ምስል ቢገባ ይመረጣል። ዛሬ ቀመርን ከምስል የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ፤ ንባቡም ብዙ ጊዜ ያስገርማል። ሆኖም «ቀመር 7» የሚለውን እንደ ተራ ቁጥር ከጻፈው፣ ከፊቱ ሌላ ቀመር ሲጨመር 7 እንደሆነ ይቀራል፤ በምንጩ ላይ ግን ቁጥሩ ራሱን የሚያስተካክል ማጣቀሻ ነበር።