የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛት በፊት፦ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱና ውርጩ የሚሰጡት ምስክርነት

ደብረ ብርሃን፦ በሰሜን ሸዋ ገበያዎች በሬ የሚገዛ ገበሬ በሻጩ ቃል ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፤ ሰኮናውን ይመረምራል፤ ወዲያና ወዲህ አስኪዶ አረማመዱን ያጤናል፤ ቢቻለው ጠምዶ ይሞክረዋል። የብዙ በሬዎችን ዋጋ የሚጠይቅ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ይህ ጥንቃቄ ሊበዛ እንጂ ሊያንስ አይገባም። ለዓመታት የተጣለ ዕቁብ ወይም የባንክ ብድር የሚወጣበት ግዢ በሚያብረቀርቅ ቀለምና በሰፊ ስክሪን ብቻ ሊወሰን አይችልም።

ጉዳዩን አንገብጋቢ ያደረገው የገበያው መለወጥ ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ ላይ ወስኖ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚህ ሁሉ ምክንያት አዲስ መኪና የሚፈልግ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ምርጫው በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ሆኗል።

ይሁን እንጂ መኪናው የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ የሚሞከረውም በሻጩ ቤት ዙሪያ ባለ ለጥ ያለ አስፋልት ላይ ነው። ገዥው ግን የሚኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ብርዳማ ከተማ፣ የሚጓዘውም ወደ አንኮበርና ወደ ጣርማ በር በሚወስዱ ዳገታማ መንገዶች ላይ ነው። የሙከራ ጉዞ ዓላማ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ ነው።

የሻጩ ቁጥር ከየት መጣ?

“በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል” የሚለው አኃዝ ከቤተ ሙከራ የመጣ ነው። የቻይናው የመለኪያ ሥርዓት ዝግተኛ የከተማ ጉዞ የሚበዛበት በመሆኑ የሚሰጠው ርቀት ሰፊ ነው። ለምሳሌ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የተባለው መኪና 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት በሚይዘው ባትሪው በቻይናው መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ይባላል። ይኸው መኪና አቶ 3 በሚል ስም ለአውሮፓ ሲቀርብ፣ እዚያ በሚሠራበት መለኪያ 420 ኪሎ ሜትር ተመዝግቦለታል። መኪናው ያው ነው፤ ባትሪው ያው ነው፤ የተለየው ሚዛኑ ነው። ስለዚህ ገዥው ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ እንደተገኘ መጠየቅ አለበት።

የዳገቱ ሒሳብ

ከነተሳፋሪው 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ ለአግድም ጉዞው ከሚያስፈልገው ሌላ፣ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር 6 ይደርሳል። ይህም የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ አንድ አሥረኛ ነው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሁለቱ ከተሞች በከፍታ 500 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ቢባል፣ ሽቅቡ ተጨምሮ የመሄጃው ፍጆታ ወደ 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። መመለሻው ቁልቁል ስለሚበዛው ወደ 20 ዝቅ ይላል። ደርሶ መልሱ የባትሪውን ሦስት አራተኛ ወሰደ ማለት ነው። ጭነት፣ ፍጥነትና ማሞቂያ ሲታከሉ የሚተርፈው ይሳሳል። ባትሪው ትንሽ የሆነ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ሳይሞላ ላይመለስ ይችላል።

በሌላ በኩል ከፍታው ለኤሌክትሪክ መኪና የሚያደላበት ነገር አለ። በደብረ ብርሃን አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ዳገቱን በሙሉ ጉልበቱ ይወጣል።

ቁልቁለቱ የሚመልሰው

ሾፌሩ እግሩን ከፍጥነት መስጫው ሲያነሳ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይህ አሠራር ፍሬኑን ከመጋል ያድነዋል፤ ሽቅብ የወጣውንም ጉልበት ከግማሽ በላይ ሊመልስ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ ተጨማሪ ኃይል መቀበል ስለማይችል፣ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሸክሙም ወደ እግር ፍሬኑ ይዞራል። ሾፌሩ የለመደውን መያዝ ቁልቁለት መሐል ሊያጣው ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ከፊቱ ያለ ሰው ባትሪውን 85 ወይም 90 በመቶ ላይ አቁሞ ቢነሳ ይመረጣል።

ውርጩና ኮረኮንቹ

ደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በሌሊት ውርጭ ትመታለች። ገብሱንና ባቄላውን የሚጎዳው ብርድ ባትሪንም ያዳክማል። በብዙ የቻይና መኪናዎች ላይ የሚገኘው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ከዜሮ በታች መሙላት ባትሪውን ስለሚጎዳው መቆጣጠሪያው ራሱ ኃይሉን ይገድባል። የጎጆው ማሞቂያም ከዚያው ባትሪ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ መኪናው በቀትር ፀሐይ ብቻ ሳይሆን ውጭ አድሮ ማለዳ መሞከር ይኖርበታል።

የመንገዱም ነገር ችላ የሚባል አይደለም። ባትሪው ከመኪናው ሆድ ሥር የተዘረጋ ሲሆን ክብደቱ ከ400 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል። ቁመናው ከፍ ያለ የሚመስል መኪና ሁሉ ለገጠር መንገድ የተሠራ አይደለም። አምስት ሰው ተሳፍሮበት ኮረኮንች ላይ ሲሄድ ሆዱ ድንጋይ እንዳይነካ ማየት፣ ያገለገለ ከሆነም ወደ ጋራዥ ወስዶ የባትሪውን መሸፈኛ ከሥር መመርመር ያስፈልጋል።

የቤቱ መስመር

ሙከራው መኪናው ሲቆም አያበቃም። ተራ የ10 አምፔር ሶኬት የሚሰጠው 2.2 ኪሎ ዋት ነው። በአንድ ሌሊት 10 ሰዓት ውስጥ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሞላል፤ ይህም 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ይበቃል። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጠው የግድግዳ ቻርጀር ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ሁለት የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ ለሰዓታት እንደመጣድ ነው። ያረጀ ሽቦ፣ ደካማ ቆጣሪ ወይም የመሬት መስመር የሌለው ቤት ይህን አይሸከምም፤ እሳት ሊያስነሳም ይችላል። ከግዢው በፊት ቤቱን በባለሙያ ማስፈተሽና መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ መዝግቦ ማየት ተገቢ ነው።

መኪናው የሚሞላበት ቀዳዳ ዓይነትም መታወቅ አለበት። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ/ቲ የሚባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 የሚባለውን ስለሚጠቀሙ አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ለቻይና ገበያ በተሠራ መኪና ላይ የስክሪኑ ቋንቋ ሊለወጥ መቻሉን፣ ዋስትናውም ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያሻል።

ሙከራው እንዴት ይከናወን?

ገዥው በመጀመሪያ ኢንሹራንሱን አይቶ፣ በሙከራው ወቅት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊው ማን እንደሆነ ከሻጩ ጋር በጽሑፍ ይስማማ። ቀጥሎ ቤተሰቡን ወይም ያንኑ የሚያህል ጭነት ይጫን። ሲነሳ የባትሪውን መቶኛና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በወረቀት ይጻፍ፤ ዳገቱ አናት ላይ፣ ቁልቁለቱ ግርጌና መመለሻው ላይም እንዲሁ። ጉዞው ቢያንስ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። 50 ኪሎ ሜትር ሄዶ 20 በመቶ የፈጀ መኪና በዚያ መንገድ በሙሉ ባትሪ የሚሄደው 250 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስክሪኑ 400 ቢልም። ለመጠባበቂያ 20 በመቶ ሲተው 200 ይቀራል። ገዥው ሊተማመንበት የሚገባው ቁጥር ይኸኛው ነው።

ይህ ቁጥር ከዕለት ጉዞው በእጅጉ የሚበልጥለት፣ ቤቱም አስተማማኝ መስመር ያለው የከተማ ነዋሪ ከነዳጅ ወረፋ ይገላገላል። መብራት ባልደረሰበት ወይም በሚቆራረጥበት ቀበሌ የሚኖር፣ ምርቱን በኮረኮንች መንገድ ለሚያመላልስ ገበሬ ግን ጥቂት መታገሥ ኪሳራ አይሆንበትም። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ ሻጭ የሙከራ ጉዞ የከለከለው መኪና ባይገዛ ይሻላል፤ በሬውን አላስኬድም ካለ ሻጭ ማንም በሬ አይገዛምና።