ሰማያዊው ቪቪያናይት ሰማያዊ ሆኖ አይወጣም

ተረት፦ ቪቪያናይት የሚባለው ማዕድን በተፈጥሮው ሰማያዊ ነው።

እውነታ፦ ከጭቃ ውስጥ አሁን የወጣ ቪቪያናይት ቀለም የለውም፤ ቢኖረውም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ግን፣ አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ፣ ይለወጣል። በውስጡ ካለው ብረት ከፊሉ ኤሌክትሮን ያጣል፤ ካላጣው ብረት ወዳጣው የሚዘዋወረው ኤሌክትሮን ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ለዓይናችን ሰማያዊው ይቀራል። ለውጡ እዚያ ላይ አይቆምም። ማዕድኑ እየቆየ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይፈርሳል። ስለዚህ ብዙዎች የሚያደንቁት ያ ውብ ቀለም የጉዳቱ መጀመሪያ ነው።

ተረት፦ የሚፈጠረው በምድር ጥልቅ ሙቀት ነው።

እውነታ፦ በማዕድን ሥሮች ውስጥ የሚገኝ አለ፤ ዋና መፈጠሪያው ግን ቀዝቃዛ ጭቃ ነው። በሐይቅ ወለልና በረግረግ ባክቴሪያዎች የሞተ ዕፅዋት ሲያብላሉ ኦክስጅኑ ያልቃል። ያኔ የአፈሩ ዝገት ተለውጦ ብረቱ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ከአጥንት ወይም ከበሰበሰ ነገር የወጣ ፎስፌት ሲያገኝ ከውሃ ጋር ተጣምሮ ክሪስታል ይሠራል። በአጥንትና ማሞዝ በሚባለው የጠፋ ዝሆን መሰል እንስሳ ጥርስ ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። በ1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ በተገኘው ኦትዚ በሚባለው የጥንት ሰው ቆዳ ላይም ታይቷል።

አጥንት ሰማያዊ ሆኖ በተገኘ ቁጥር ግን ምክንያቱ ቪቪያናይት ነው ማለት አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ንዋያት ላይ እንደ ፈርጥ የተሰካው ኦዶንቶላይት የሚባለው ሰማያዊ ነገር ለረጅም ጊዜ ቀለሙን ያገኘው ከቪቪያናይት ነው ሲባል ኖሯል። በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ማስቶዶን የሚባለው ሌላ የጠፋ ዝሆን መሰል እንስሳ ጥርስ ቅሪት ሆኖ ተገኘ። ሰማያዊ ያደረገውም ጥርሱ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ የተለወጠው ማንጋኒዝ ነው።

ቪቪያናይት ብርቅ ነው መባሉ ግማሽ እውነት ነው። ዱቄት መሰሉ በብዙ ረግረግ አለ፤ ብርቁ ትልቁና ጥርት ያለው ክሪስታል ነው። በካሜሩን አንሉዋ ሸክላ አፈር ውስጥ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ተገኝቷል።

ተረት፦ ለቀለበት ፈርጥ ይሆናል።

እውነታ፦ አይሆንም። በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው ከ1.5 እስከ 2 ነው፤ 2.5 ገደማ የሆነው የጣት ጥፍር ይቧጥጠዋል። በአንድ አቅጣጫ ስስ ሆኖ ይላጣል፣ ልጣጩም ይተጣጠፋል። ቪቪያናይት እጅዎ ከገባ መስኮት ላይ አያስቀምጡት፤ በተከደነ ሣጥን፣ ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ።